ስለ ትከሻ ሕመም ስያሜዎች፦ ከወለምታ እስከ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ

አንድ ታማሚ «ትከሻዬን ያመኛል» ብሎ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ፣ ሐኪሙ አካሉን ከመመርመሩ በፊት ቃሉን መመርመር ይኖርበታል። ትከሻ በአማርኛ ሰፊ ሥፍራ የሚሸፍን ቃል ነውና። ከአንገት ሥር ተነሥቶ እስከ ክንድ መጀመሪያ፣ በጀርባ በኩል ደግሞ የጎድን አጥንቶችን ተጋድሞ እስከሚገኘው ሰፊ አጥንት ድረስ ያለው ሁሉ ትከሻ ይባላል። ከዚህም የተነሣ በአንገት አከርካሪ ላይ ነርቭ ተጭኖበት ሕመሙ ወደ ታች የወረደበት ሰው፣ የሐሞት ከረጢቱ ተቆጥቶ በቀኝ ጎኑ ወደ ላይ የሚወጋው ሰው፣ የክንዱ ራስ ከጉድጓዱ የወጣበትም ሰው ሦስቱም የሚናገሩት ያንኑ አንድ ቃል ነው።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድኻ ሆኖ አይደለም። ከትከሻ ጎን ጫንቃ የሚል ቃል አለን፤ ይህም ሸክም የሚያርፍበትን፣ ቀንበር የሚጫንበትን የላይኛውን ክፍል ለይቶ ያመለክታል። በግእዝ መትከፍት፣ በትግርኛ መንኩብ፣ በኦሮምኛ ጋቲቲ የሚሉት ቃላት አሉ፤ የግእዙ መትከፍት ከዕብራይስጡ ካቴፍና ከዐረብኛው ከቲፍ ጋር ዝምድና እንዳለው ይታወቃል። እነዚህ ሁሉ ለሸክም፣ ለልብስና ለውዝዋዜ የሚበቁ ቃላት ናቸው። የአጥንት ሐኪም ግን ትከሻ ሲል በአንድ ላይ የሚሠሩ በርካታ መገጣጠሚያዎችን፣ አራት አጫጭር ጡንቻዎችን ከነጅማቶቻቸው፣ ባንድ ቀጭን የፈሳሽ ከረጢት ላይ የተዘረጋ የአጥንት ጣሪያንም ማሰቡ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት የስያሜ ሠራተኛው ድርሻ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ትከሻ ሕመም ምርመራና ቀዶ ሕክምና የቅርብ ዘመን እድገት ስናወሳ፣ ዋና አሳባችን ለበሽታ የሚሰጠው ስም ሕክምናውን ወዴት እንደሚመራው ማሳየት ነው። ስሙ ሲሳሳት ቢላዋው አብሮ ሊሳሳት እንደሚችል ከራሱ ከትከሻ ሕክምና ታሪክ የተገኘ ማስረጃ አለ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ግን በእጃችን ያለውን የሕዝብ ቃል እንመልከት። አማርኛ ለመገጣጠሚያ ጉዳት ሦስት የቆዩ ስሞች አሉት፤ ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራት። ወለምታ አጥንቱ ከቦታው ሳይለቅ ማሰሪያው ብቻ ሲጎዳ፣ ውልቃት አጥንት ከአቻው ተለይቶ ሲወጣ፣ ስብራት አጥንቱ ራሱ ሲከፈል የሚባሉት ናቸው። ይህ ክፍፍል በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ዘንድ ተቀባይነት ያለው ነው፤ ወጌሻ በእጁ ዳሰሳ ብቻ የደረሰበት መሆኑ ደግሞ ያስደንቃል። ግሦቹም አብረው ተለይተዋል፤ ወጌሻ ወለምታን ያሻል፣ ውልቃትን ይመልሳል፣ ስብራትን ይጠግናል። ወጌሻ የሚለው ቃል ዛሬ የእግር ኳስ ቡድን የጉዳት ባለሙያ መጠሪያ ለመሆን የበቃው ሕዝቡ ለሙያው ያለውን አክብሮት ይዞ ነው።

ችግሩ ያለው በንግግር ላይ ሦስቱ ቃላት መደበላለቃቸው ነው። የወጣ ትከሻ «ወለም ብሎኛል» ይባላል፤ በሐኪሙ መዝገብ ላይ እንደ ቀላል መወጠር ይጻፋል፤ ታማሚው በማሸት ይሰናበታል። የወጣ ትከሻ ደግሞ ቀን የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በማደንዘዣ ወይም ያለ ማደንዘዣ በመጎተት የሚመለሰው አጥንት፣ ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈው ጠባሳ ይይዘዋል፤ በጉልበት ቢጎተት ሊሰበር፣ በብብት በኩል የሚያልፈው የደም ሥርም ሊበጠስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀረው መገጣጠሚያውን ከፍቶ መመለስ ነው። እንግዲህ በወለምታና በውልቃት መካከል ያለው ልዩነት የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ክንዱን ወደ ላይ ማንሣት በሚችልና በማይችል ሰው መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው አንድ ታማሚ ከአንድ ቋንቋ በላይ አቋርጦ ሐኪም ዘንድ በሚደርስበት ሥፍራ ነው። ኩሌ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ኩሌ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው፤ በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ተከፈተ። አብዛኞቹ ነዋሪዎች የኑዌር ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። በመጠለያው ጤና ጣቢያ ከተከፈተበት ዓመት አንሥቶ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ይሁን እንጂ በክልሉ በብዛት የሚነገሩት ኑዌርኛና አኙዋክኛ ናቸው። የሕክምና መዝገብ ደግሞ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት ትግል ሲገጥም ወይም ኳስ ሲጫወት ወድቆ ክንዱን ያዘው እንበል። ሕመሙን በኑዌርኛ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ የጤና ባለሙያው ይጽፈዋል። ጉዳዩ ከበድ ካለ ወደ ጋምቤላ ከተማ ሆስፒታል ይላካል፤ ከዚያም የሚበልጥ ሕክምና ካስፈለገ ወደ ጅማ ወይም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ። በእያንዳንዱ ድልድይ ላይ አንድ ቃል ከሌላ ቃል ጋር ይለዋወጣል። አስተርጓሚው «አጥንቱ ወጣ» ማለት ሲገባው «ተጎዳ» ካለ፣ ወይም ውልቃት በማለት ፈንታ ወለምታ ካለ፣ ወጣቱ የሚጫነው ለመኪና ሳይሆን ለፓራሲታሞል ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑም፣ በአማርኛ የተስተካከለ የሕክምና ቃል የሚጠቅመው አማርኛ አፉን ለፈታ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም በኢታንግና በጋምቤላ በአስተርጓሚነት ለሚያገለግለው ሰው ነው። አስተርጓሚው አንድ ቃል ለአንድ ነገር ካልተሰጠው፣ የትርጉሙ ስሕተት የእርሱ ነው ለማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ መገጣጠሚያው ራሱ እንግባ። የትከሻ መገጣጠሚያ በሰውነታችን ካሉት ትላልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ ነፃ እንቅስቃሴ ያለው ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ የተድበለበለ ሲሆን፣ የሚገጥምበት ጉድጓድ ግን ጥልቀት የለውም፤ ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ሰሐን ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። ኳሱ በአንድ ጊዜ ጉድጓዱን የሚነካው ከሩብ እስከ ሢሶ በሚሆነው ገጹ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታውን የሚጠብቅለት አጥንት ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሥጋና ጅማት ነው። ከሰውነት ትላልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ አብዝቶ የሚወልቀው ትከሻ መሆኑም ከዚህ የመጣ ነው። በነገራችን ላይ በእስክስታ ጊዜ «ትከሻ ሰበቀ» የምንለው እንቅስቃሴ በአብዛኛው የሚካሄደው በዚህ በኳሱና በጉድጓዱ መካከል ሳይሆን፣ የጀርባው ሰፊ አጥንት በጎድን አጥንቶች ላይ ሲንሸራተት ነው። አማርኛ ይህን ልዩ እንቅስቃሴ በራሱ ግሥ መሰየሙ፣ ትከሻ ማንሣት፣ ትከሻ መስበቅና ክንድ ማንሣት የተለያዩ መሆናቸውን ማወቁን ያስረዳል። ሐኪምም ታማሚውን «ክንድህን አንሣ» እና «ትከሻህን አንሣ» ብሎ ለይቶ ቢያዝዘው የሚያገኘው መልስ የተለያየ ነው።

ከመቶ ውልቃት ከ95 የሚበልጠው ወደ ፊት ነው። ይህን ዓይን ያየዋል፤ ክብ የነበረው ትከሻ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ታማሚው ክንዱን በሌላ እጁ ደግፎ ይመጣል። ወደ ኋላ የሚወልቀው ግን ከመቶ ሁለት እስከ አራት ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥ ወይም በኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። ይህኛው ከፊት በሚነሣ አንድ ራጅ ላይ ደኅና መስሎ ስለሚታይ ሐኪሞችን ደጋግሞ ያታልላል። አስተዋይ ዓይን ያለው ብቻ የክንዱ ራስ ወደ ውስጥ ዞሮ እንደ መብራት አምፖል ክብ መሆኑን ያያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለተኛ ራጅ ከጎን ወይም ከብብት በኩል ማንሣት። ታማሚው ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ፈጽሞ እምቢ ካለው፣ ራጁ ምንም ይበል ምን ውልቃቱ መጠርጠር አለበት። ኤም አር አይ በሌለበት ሥፍራ የሚሠራ ሐኪም ይህን አንድ ምልክት ቢይዝ ከብዙ መሣሪያ ይጠቅመዋል።

አጥንቱ ከመመለሱ በፊት ደግሞ መታየት ያለበት ነርቭ አለ። በብብት ሥር ዞሮ ወደ ትከሻው ውጫዊ ሥጋ የሚሄደው ነርቭ በውልቃት ጊዜ ይለጠጣል። ሐኪሙ የሚመረምረው ወታደር የክፍሉን ዓርማ በሚሰፋበት በእጅጌው የላይኛው ውጫዊ ክፍል ላይ ያለው ቆዳ መደንዘዝ አለመደንዘዙን ነው። ይህ ከመመለሱ በፊት ካልተመዘገበ፣ በኋላ ጉዳቱን ያመጣው ውድቀቱ ይሁን መላሹ መለየት አይቻልም።

የመመለሱ ዘዴ ጥንታዊ ነው። ሂፖክራጥስ ተረከዝን በብብት አስገብቶ ክንድን መጎተትን ጽፏል፤ ስዊሳዊው ቴዎዶር ኮኸር በ1870 እ.ኤ.አ. ያለ ጉልበት በማዞር የሚመልስበትን መንገድ አስተማረ። ሂፖክራጥስ ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ በብብት በኩል በጋለ ብረት መተኮስን ያዝዝ ነበር፤ ጠባሳው ክፍቱን ይዘጋዋል በሚል። መተኮስን በአገራችን ባህላዊ ሕክምና የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የስያሜ ጥያቄ ይነሣል። የእንግሊዙ ቀዶ ሐኪም ብላንዳል ባንካርት በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻ ምክንያቱ የጉድጓዱን ጠርዝ የሚከበው ልም ከንፈር ከፊት በኩል መገንጠሉ ነው አለ፤ የተገነጠለውንም መልሶ መስፋትን ሥርዓት አደረገ። በጽሑፉ ርእስ ላይ «ተደጋጋሚ» እና «የልማድ» የሚሉ ሁለት ቅጽሎች እንደ አንድ ጎን ለጎን ቆመዋል። ዛሬ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። የልማድ ውልቃት የሚባለው ታማሚው ራሱ በፈቃዱ ሊያወጣው የሚችለው ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ቢላዋ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የጡንቻ ልምምድ ነው። ተደጋጋሚ ውልቃት ግን በአንድ ውድቀት ተጀምሮ ሳይፈቅዱት የሚመላለሰው ነው። ከሃያ ዓመት በታች በሆኑ ወጣቶች ከመጀመሪያው ውልቃት በኋላ ከግማሽ የሚበልጡት ይደግማቸዋል። በአማርኛ ሁለቱንም «ልማድ ሆነበት» ማለት የተለመደ ነው። አነጋገሩ ያማረ ቢሆንም በወጣቱ ላይ ወቀሳ ያለበት በመሆኑ፣ ለመዝገብ «ተደጋጋሚ ውልቃት» መባሉ ይሻላል ብለን እናምናለን።

ለልሙ ጠርዝ በላቲን የተሰጠው ስም ትርጓሜው ከንፈር ነው። አማርኛም የድስትንና የእንስራን አፍ ከንፈር ስለሚል፣ «የጉድጓዱ ከንፈር» ብንል ከራሳችን ወጥቶ ለራሳችን የተመለሰ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። ሌላ አንድ ግን አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ላታርዤ በ1954 እ.ኤ.አ. የጉድጓዱ ፊት አጥንት ተፈርፍሮ ለጎደለበት ሰው፣ ከጀርባው ሰፊ አጥንት ወደ ፊት የሚወጣውን ጥምዝ ጫፍ ቆርጦ ከነጅማቱ በጉድጓዱ ፊት በብሎን ማሰርን አስተዋወቀ። ይህ ጥምዝ ጫፍ በግሪክኛ ስሙ ቁራ መሰል ማለት ነው፤ የቁራን መንቁር ስለሚመስል። «የቁራ መንቁር» ቢባል የደጋ ሰው ሁሉ ሳይነገረው ቅርጹን ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ የምናወሳው ነገር የጽሑፋችን እምብርት ነው። በክንዱ ራስና በትከሻው ጫፍ አጥንት መካከል ጠባብ ክፍት አለ፤ በውስጡ ክንድን የሚያነሡና የሚያዞሩ ጅማቶች ያልፋሉ፤ ከላያቸውም የፈሳሽ ከረጢት ተዘርግቷል። በመካከለኛ ዕድሜና ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ክንዳቸውን ወደ ጎን ሲያነሡ የሚያማቸው እዚህ ነው። በሌሊት በጎን መተኛት ይከብዳቸዋል፤ ሴት ከሆኑ ጠጉር መሥራት፣ ከመደርደሪያ ዕቃ ማውረድ ያቅታቸዋል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኒር በ1972 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕመም ስም ሰጠ። ስሙ በአማርኛ ሲፈታ «መቀርቀር» ወይም «መቆንጠጥ» ማለት ነው። አሳቡ እንዲህ ነበር፤ ጣሪያው አጥንት ጅማቱን ይቆነጥጣል፣ ይፈገፍጋል፣ በመጨረሻም ይበጥሰዋል። ስለዚህ መፍትሔው ከጣሪያው ሥር ጥቂት አጥንት ልጎ ክፍቱን ማስፋት ነው።

ስሙ ግልጽ፣ ሥዕላዊና አሳማኝ ነበር። ሐኪም ለታማሚ ቢነግረው ወዲያው ይገባዋል፤ በር የቆነጠጠው ጣት መስሎ ይታየዋል። መቆንጠጥ ያለበት ሰው ደግሞ መልቀቅን ይፈልጋል። ቀጭን የብርሃን ቱቦ በትንሽ ቀዳዳ ወደ መገጣጠሚያ አስገብቶ ማየትና መሥራት ከተቻለ በኋላ፣ ይህ ልገት በምዕራቡ ዓለም እጅግ ከተለመዱት የትከሻ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሆነ።

በኋላ ግን ተመራማሪዎች ጠንከር ያለ ፈተና አደረጉ። በእንግሊዝ አገር በ32 ሆስፒታሎች 313 ታማሚዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው፤ አንዱ ክፍል አጥንቱ ተላገለት፣ ሁለተኛው ቱቦው ገብቶ ታይቶ ምንም ሳይላግ ተዘጋ፣ ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ የተላገላቸውና በማየት ብቻ የተዘጋላቸው አልተለያዩም፤ ምንም ካልተደረገላቸው ሰዎችም የነበራቸው ብልጫ ለታማሚው ትርጉም የሚሰጥ ሆኖ አልተገኘም። በዚያው ዓመት በፊንላንድ የተደረገ ጥናት፣ መላጉ በማየት ብቻ ከመዝጋት እንደማይሻል በበኩሉ አሳየ። በ2019 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያወጣው መመሪያ ይህ ቀዶ ሕክምና ለዚህ ዓይነት ሕመም እንዳይደረግ አጥብቆ መከረ። የተበጠሰን ጅማት መስፋት ግን ሌላ ጉዳይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወጣት ሰው ወድቆ ጅማቱ ቢበጠስበት መስፋቱ ቦታ አለው።

እንግዲህ ምን ሆነ? ሕመሙ እውነተኛ ነበር፤ ሐኪሞቹም ቅኖች ነበሩ። ስሙ ግን ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተረጋገጠ ምክንያትንም ሰየመ፤ ምክንያቱም በስሙ ውስጥ ተደብቆ እንደ ታወቀ እውነት ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ኖረ። ዛሬ ብዙዎች ያንን ስም ትተው ከትከሻው ጣሪያ ሥር የሚሰማ ሕመም በማለት ቦታውን ብቻ መጥራትን መርጠዋል።

ይህ ለእኛ ጥቅም ያለው ትምህርት ነው፤ እኛ ቃሉን ወደ አማርኛ ገና ልናስገባው ነውና። «የትከሻ ቁንጥጫ» ብሎ መተርጎም ለመተርጎም ያህል ትክክል ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ አገር የጣለውን አሳብ በአዲስ ልብስ ማስገባት ይሆናል። ስለዚህ «የጣሪያ ሥር ትከሻ ሕመም» ወይም በአጭሩ «የትከሻ ጣሪያ ሕመም» እንዲባል አሳባችንን እናቀርባለን። ስሙ ደረቅ መሆኑን አንክድም። የቦታ ስም ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ምርምር ሲለወጥ አብሮ አይወድቅም።

የደረቀ ወይም የበረዶ ትከሻ የሚባለውም በዚሁ መንገድ መታየት ይገባዋል። ፈረንሳዊው ሲሞን ዱፕሌ በ1872 እ.ኤ.አ. በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለ ቁጣ አለው፤ አሜሪካዊው ኤርነስት ኮድማን በ1934 እ.ኤ.አ. «የቀዘቀዘ» አለው፤ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ጁሊየስ ኔቪያዘር ማቀፊያው ይጣበቃል በማለት ስም ቀየረለት። ከሦስቱ ለታማሚ የሚስማማው የኮድማን ነው፤ ሁኔታውን ብቻ ይናገራልና። በአማርኛ ግን የቀዘቀዘ ስንል ብርድ መታው የሚለውን የሕዝብ አስተሳሰብ ይጠራል፤ ታማሚውም ሙቀት እንዲፈልግ፣ ክንዱን ሸፍኖ እንዲያሳርፍ ያደርገዋል። ይህ ሕመም ግን በብርድ አይመጣም፤ በስኳር ሕመምተኞች ላይም ይበዛል። «የተገተረ ትከሻ» ማለት ይበልጥ ይስማማል።

የእነዚያን የአራቱን ጡንቻዎች ጅማቶች በአንድ ላይ የሚጠራው የእንግሊዝኛ ስም የሸሚዝ እጅጌ ጠርዝን ያስታውሳል፤ በክንዱ ራስ ላይ እንደ እጅጌ ጠርዝ ስለሚጠመጠሙ። በሆስፒታሎቻችን ቃሉ እንዳለ «ሮቴተር ከፍ» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ከፍ በአማርኛ ሌላ ትርጉም ያለው ቃል ነው። «ሮቴተር ከፍ ተጎድቷል» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ከፍ ብሎ የተጎዳ ቢመስለው አይፈረድበትም። «የትከሻ ከባቢ ጅማቶች» የሚለው ሥራቸውንም ሥፍራቸውንም ስለሚገልጽ ይበቃል። ስለ ምርመራቸውም እናውሳ፤ ሙሉ በሙሉ መበጠሳቸውን ለማወቅ አልትራሳውንድ በሠለጠነ እጅ ከኤም አር አይ የሚያንስ አይደለም። ዋጋው አነስተኛ፣ መሣሪያውም በእጅ የሚያዝ በመሆኑ ከጋምቤላ ሆስፒታል የሚመጥን ነው። የጎደለው እጁ እንጂ መሣሪያው አይመስለንም።

ስለ ቀዶ ሕክምና ስንናገር፣ ይህ ቃል ራሱ ተፎካካሪ አለው። ብዙ ሰው «ቀዶ ጥገና» ይላል። ጥገና ግን የተበላሸን ነገር ማዳንን አስቀድሞ ቃል ይገባል፤ ከላይ እንዳየነው አጥንት ልጎ ጥገና ያልሆነበት ጊዜ ነበር። «ቀዶ ሕክምና» ውጤቱን ሳይሆን ሥራውን ስለሚሰይም እንመርጠዋለን። «ጥገና» ደግሞ ወጌሻ ጀምሮ እንደሚጠቀምበት፣ የተሰበረ አጥንት ወይም የተበጠሰ ጅማት በእውነት ሲጠገን ብቻ ይጠበቅ።

ቱቦ አስገብቶ የማየቱ ጥበብ ታሪክ አጭር ነው። ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ በ1918 እ.ኤ.አ. የሬሳን ጉልበት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ተመለከተ፤ አሜሪካዊው ማይክል ቡርማን በ1931 እ.ኤ.አ. በሬሳ ላይ ትከሻን ጨምሮ ሌሎችን መገጣጠሚያዎች አየ፤ የታካጊ ደቀ መዝሙር ማሳኪ ዋታናቤ ከዚያ በኋላ በሕያዋን ላይ የሚሠራበትን መሣሪያ አደረጀ። «አርትሮስኮፒ» የሚለው ቃል በሐኪሞቻችን ዘንድ ሥር ስለያዘ መንቀል አያስፈልግም፤ ለታማሚ ግን «በመነጽር የሚደረግ» ብሎ መግለጥ ይበቃል።

በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በኩልም እንዲሁ ነው። ዡል ኤሚል ፔያን በ1893 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ትከሻውን ለበላው ዳቦ ጋጋሪ ከፕላቲነምና ከላስቲክ የተሠራ ክንድ ራስ አስገባለት፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በመመረዙ ወጣ። ከባቢ ጅማቶቹ ሙሉ በሙሉ ለጠፉበት አረጋዊ ግን ተራው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አያገለግልም፤ ኳሱን የሚይዘው የለምና ወደ ላይ ይንሸራተታል። ፈረንሳዊው ፖል ግራሞን በ1985 እ.ኤ.አ. ነገሩን ገለበጠው፤ ኳሱን በጉድጓዱ ሥፍራ፣ ጉድጓዱን በክንዱ ራስ ላይ አደረገ። በዚህም የትከሻው ውጫዊ ትልቅ ጡንቻ ብቻውን ክንዱን ማንሣት ቻለ። በዚህ ዘዴ ከዓመታት በኋላ ክንዳቸውን ወደ አፋቸው ማድረስ የቻሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ስሙ በሌሎች ቋንቋዎች «የተገለበጠ» ነው። በአማርኛ ግን ለታማሚ «የተገለበጠ መገጣጠሚያ ገብቶልሃል» ቢባል ሐኪሙ ተሳሳተ ብሎ ቢደነግጥ እውነት አለው። «ቦታ ለዋጭ ሰው ሠራሽ ትከሻ» የሚለው ረዘም ቢልም ሰውን አያስደነግጥም።

ገና ያልተፈታ አንድ ቃል ይቀረናል፤ እርሱም ጅማት ነው። በሕዝብ ንግግር ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያገናኘውን፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውን፣ አንዳንድ ጊዜም ነርቭን ይጨምራል። «ጅማቱ ተነክቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሦስቱ የቱን እንደሚል አይታወቅም። ከትከሻ የተበጠሰ የከባቢ ጅማት በጥቂት ወራት ውስጥ ካልተሰፋ ጡንቻው ወደ ስብ ይለወጣል፤ የተለጠጠ ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚመለስ ይጠበቃል፤ የተወጠረ የአጥንት ማሰሪያ ደግሞ በማንጠልጠያና በልምምድ ይድናል። ነርቭ ነርቭ ተብሎ ስለተለየ አንዱ ቀርቷል። ለቀሩት ሁለቱ፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያገናኘው ጅማት፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው «ማሰሪያ» ይባል የሚለውን አሳብ አንዳንድ የባዮሎጂ መምህራን ይደግፉታል፤ ሌሎች ደግሞ ማሰሪያ ለገመድና ለጫማ ክር ያገለገለ ተራ ቃል ነው በማለት ይነቅፉታል። በእኛ አስተያየት ቃሉ ተራ መሆኑ ጥፋቱ አይደለም፤ በኩሌ ጤና ጣቢያ የሚያስተረጉመው ሰው ማሰሪያ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል።